የባስኬት ኮች ያመጣውንና የሸኘውን ተጫዋች ስንገመግም የምንሰራቸው ስህተቶች

እዚህ ኮዬ ፈጬ ከኛ ብሎክ ጀርባ አንድ ሪም (የባስኬት ቀለበት) አለች፣ ብረት በያጅ ፌሮ ጠምዝዞ ነው የሰራት፣ መረብ ሚባል የላትም፣ ቦርዷ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ ክረምት ሲመጣ ያብጣል። ማታ ማታ እሷ ስር እንሰበሰብና ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ተነስተን በስልክ ያየነውን የኤንቢኤ (የአሜሪካ ባስኬት ሊግ) ጨዋታ እንጨቃጨቅበታለን፣ ጭቅጭቁም ሁሌ አንድ ነው፣ ይሄ ኮች ያመጣው ልጅ ይረባል አይረባም። ችግሩ ብዙዎቻችን ባስኬትን በኳስ አይን ነው ምናየው፣ ከአርሰናልና ከማንቼ ተነስተን ነው ምንፈርደው። እኔም ያው ነኝ፣ ስለዚህ ከታች ካሉት አብዛኞቹን ራሴ ሰርቻቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ሁሉንም ነገር ኮቹ ላይ መለጠፍ

ቬንገርና ፈርጉሰን ማንን እንደሚገዙ ሲወስኑ እያየን ስላደግን ኮች ማለት ገዢ ይመስለናል። ኤንቢኤ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተጫዋች ሚያመጣውና ሚሸኘው ጀነራል ማናጀሩ ወይ ፕሬዝዳንቱ ነው፣ ኮቹ የተሰጠውን ነው ሚያሰለጥነው። በፈረንጆቹ 2025 ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ዳላስ ኮከቡን ሉካ ዶንቺችን ለሌከርስ ሰጥቶ አንተኒ ዴቪስን፣ ማክስ ክሪስቲንና የ2029 የመጀመሪያ ዙር ፒክ (አዲስ ተጫዋች ሚመረጥበት ተራ) ሲቀበል እኛ ሪሟ ስር ሆነን የዳላሱን ኮች ጄሰን ኪድን ስንሰድበው አመሸን። ለካ ነገርዬው የጀነራል ማናጀሩ የኒኮ ሃሪሰን ነው፣ ኪድ ራሱ የሰማው በመጨረሻዋ ሰዓት እንደሆነ ተናገረ። ሃሪሰን በዛው አመት ኖቬምበር ላይ ተባረረ፣ እኛ ግን ኪድን ይቅርታ አልጠየቅንም።

ሁለቱንም ወንበር የያዘ ኮች ከሆነ ግን ያኔ ተጠያቂው እሱ ነው። ዶክ ሪቨርስ ክሊፐርስ እያለ ኮችም የባስኬቱ ፕሬዝዳንትም ነበር፣ 2015 ጃንዋሪ ላይ የገዛ ልጁን ኦስቲንን በትሬድ (በልውውጥ) አመጣ፣ 2017 ላይ የፕሬዝዳንትነቱን ስራ ተነጠቀ። እዛ ላይ የፈለግከውን በል።

ሁለተኛ፣ "ስንት ተገዛ?" ማለት

ባስኬት ላይ እንደ ኳስ 100 ሚሊየን ከፍለህ ተጫዋች አታስመጣም፣ ሰው በሰው ወይ ሰው በፒክ ነው ሚለወጠው፣ ደሞ የደሞዝ ጣሪያ አለ (የ2025-26ቱ 154.6 ሚሊየን ዶላር አካባቢ ነው) ከጣሪያው በላይ የሆነ ቡድን ሚሰጠውና ሚቀበለው ደሞዝ መቀራረብ አለበት። ለዛ ነው አንዳንዴ በትሬድ ውስጥ ማንም ማያውቀው ሰውዬ ገብቶ "ይሄ ደሞ ለምን መጣ" ምንለው። ሱቅ ዝርዝር ሲጠፋ ማስቲካ ይሰጡህ የለ? እሱ ሰውዬ ማስቲካው ነው፣ ሂሳቡ እንዲሞላ ነው የገባው። እሱን ይዘህ ኮቹ ተጫዋች አያውቅም ማለት ባለሱቁ ማስቲካ ይወዳል እንደማለት ነው።

ሶስተኛ፣ በማግስቱ ፍርድ መስጠት

ይሄ ትልቁ ነው። 2013 ላይ ብሩክሊን ኬቪን ጋርኔትንና ፖል ፒርስን ከቦስተን ሲያመጣ ዋንጫው አለቀ ተባለ፣ ጋርኔት 37 አመቱ ፒርስ ደሞ 35 ነበር። ቦስተን የወሰደው ፒክ ነበር፣ ያኔ ፒክ ማለት ወረቀት ነው፣ ማንም አልጓጓለትም። በዛ ወረቀት 2016 ላይ ጄይለን ብራውን መጣ፣ 2017 ላይ ደሞ ከብሩክሊን የተለወጠው ፒክ አንደኛ ቁጥር ሆነና ለፊላደልፊያ ሰጥተውት ወደ ሶስተኛ ወርደው ጄይሰን ቴተምን ወሰዱ። ሁለቱ ልጆች 2024 ላይ ዋንጫ በሉ። ከትሬዱ 11 አመት በኋላ ማለት ነው፣ እኛ ግን ውጤቱን በሶስት ቀን ሀይላይት ጨርሰነዋል።

አራተኛ፣ የሶስተኛው ግልባጭ፣ ውጤቱን አይቶ ብልጥ መሆን

አሁን ሁሉም ሰው ክሊፐርስ 2019 ላይ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደርን ከአምስት የመጀመሪያ ዙር ፒክ ጋር ለኦክላሆማ ሰጥቶ ፖል ጆርጅን ማምጣቱን ይሳለቅበታል፣ ሼይ 2025 ላይ ኤምቪፒም (የአመቱ ምርጥ ተጫዋች) ሆነ ዋንጫም ወሰደ። እሺ፣ ግን ያኔ ጆርጅ ካልመጣ ካዋይ ሌናርድም አይመጣም ነበር፣ ማለትም የገዙት ሁለት ሰው ነው። ካዋይ ያኔ ገና ቶሮንቶን ሻምፒዮን አድርጎ የወጣ ሰው ነው፣ አንተ ብትሆን እምቢ ትል ነበር? በናትህ።

አምስተኛ፣ ነጥብ ብቻ መቁጠር

25 ያገባል ብሎ ማበድ። በስንት ሙከራ ነው ያገባው፣ ሚጠብቀው ሰው ስንት አስገባበት፣ ይሄን ካላየህ አትፍረድ። አለቀ።

ስድስተኛ፣ የልጁን ኑሮ ሳያውቁ ማውራት

ይሄኛው ከቴሌቪዥን አይደለም፣ ከሰፈር ነው። ቡድናችንን ሚያሰለጥኑት ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፣ ጋሼ ነው ምንላቸው። ባለፈው አመት የኛን ረጅም ልጅ፣ 1 ሜትር ከ96 የሆነውን፣ ሪባውንድ (ስታ የተመለሰች ኳስ መያዝ) ላይ ማንም ማይነካውን፣ ለቱሉ ዲምቱ ልጆች ሰጥተው አንድ አጭር ፖይንት ጋርድ (ጨዋታ ሚመራ ተጫዋች) እና አንድ ኳስ ተቀበሉ። ኳስ ስልህ ኳስ፣ ያውም ያገለገለች። ሰፈሩ ተናወጠ፣ "ጋሼ ሰው በኳስ ለወጡ" ተባለ፣ እኔ ደሞ ሙድ ልይዝ ብዬ ኳሷ ላይ የልጁን ፊት ለጥፌ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ወረወርኳት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ ታክሲ ስሳፈር፣ በሩ ላይ ወገቡን አጥፎ "ቃሊቲ ቃሊቲ አንድ ሰው!" ሚለው ረዳት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱ ነዋ። አንገቱ ጣራው ስር አልበቃ ብሎት ጎብጧል።

"አንተ፣ ልምምድስ?" አልኩት።

"የናንተ ቅዳሜ ቀን አይደል እንዴ፣ ቅዳሜ እኮ ገበያ ነው፣ እንዴት ልቅር? የቱሉ ዲምቱ ማታ ነው፣ መኪናውም እዛ ነው ሚያድረው። ጋሼ ናቸው እኮ ራሳቸው ሂድ ያሉኝ፣ ለነሱም ለምነው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው።"

"ኳሷስ?"

"እሷን ልጆቹ በምርቃት ነው የሰጧቸው" ብሎ ሳቀና ሂሳብ ስሰጠው አልቀበልም አለኝ። ቃሊቲ ሳንደርስ ስልኬን አውጥቼ ፎቶዋን ላጠፋት ግሩፑን ስከፍተው፣ ከስሯ የሳቀች ኢሞጂ ተደርጎባታል። ያደረጉት ጋሼ ናቸው።