«አርሶ አደር»ን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት

በ«አርሶ አደር» ዓረፍተ ነገር መሥርቱ ስል፣ እዚህ ጅማ ከማስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ «አርሶ አደሩ ወደ ከተማ ሄደ» ብለው ይጽፋሉ። ስሕተት የለውም፤ እኔ ግን አልቀበለውም። በ«አርሶ አደር» ቦታ «ነጋዴ» አስገብታችሁ አንብቡት እላቸዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ምንም ካልጎደለበት ቃሉ ሥራ አልሠራም ማለት ነው። አሁን ደግሞ ይህን ሞክሩ፦ «አርሶ አደሩ በሬዎቹን ፈትቶ፣ ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።» ነጋዴው እዚህ ቦታ የለውም።

ከመጻፋችሁ በፊት ቃሉን ፍቱት። «አርሶ» ከማረስ፣ «አደር» ከማደር የመጣ ነው፤ አርሶ የሚያድር፣ በእርሻ የሚኖር ሰው። አፋን ኦሮሞ አፍ የፈቱ ተማሪዎቼ ይህ አይከብዳቸውም፤ በቋንቋቸው አርሶ አደር ማለት የሆነው «ቆቴ ቡላ»ም የተሠራው በዚያው መንገድ ነው። ሁለቱን ቃላት ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ስጽፍላቸው ፊታቸው ሲበራ ማየት እወዳለሁ።

ቃሉ ሲረባ የሚለወጠው መጨረሻው ብቻ ነው፦ አርሶ አደሩ፣ አርሶ አደሯ፣ አርሶ አደሮች። «አርሰው አደሮች» አይባልም።

ከሁሉ የምጨነቀው ለግሱ ነው። ጤፍ ይታጨዳል፤ ቡና ግን ይለቀማል። «አርሶ አደሯ ቡናዋን አጨደች» ብላችሁ ብትጽፉ እዚህ ጅማ ዞን ቡና አብቃይ በሆኑት በጎማ ወይም በማና ወረዳ ያደገ ሰው አያምናችሁም። «አርሶ አደሯ የቀላውን ቡና ለቅማ አሰጣችው» በሉ። ከጥቅምት ጀምሮ በየጓሮው የሚታየው ይኸው ነው።

«ገበሬ»ስ? በዜናና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «አርሶ አደር» ይበዛል። አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ ራሱን «ገበሬ» እንጂ «አርሶ አደር» ብሎ አያውቅም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጋር የመጣው «ገበሬ ማኅበር»ም በሽማግሌዎች አፍ እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ ሰውየውን ራሱን ስታናግሩት «እኔ ገበሬ ነኝ፤ ዝናቡ ከቀረ ምን እዘራለሁ?» ይበል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ «አርሶ አደሩ በቆሎውን ከርከሮ እንዳይጨርስበት ማማ ላይ ሲጠብቅ አደረ» ብላ ጻፈች። «አደር» እና «አደረ» በአንድ መስመር! ደብተሯን ከፍ አድርጌ ለክፍሉ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።