ነባር ሰፈር ሲታደስ የሚሠሩ ስህተቶች

ያደግኩት አዲስ አበባ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። «መልሶ ማልማት» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የጋራ ኩሽናችን ነው። ሰፈር ማደስ በራሱ ክፉ አይደለም። አሥር ቤተሰብ የሚሰለፍበት ሽንት ቤት ፈረሰ ብሎ የሚያለቅስ የለም። ነገሩ የሚበላሸው አሠራሩ ላይ ነው።

ቤት ቆጥሮ ሰው መርሳት

በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ በአንድ የቤት ቁጥር ስር ብዙ ኑሮ ተደራርቧል። ደባል አለ። ቆጥ ላይ የሚያድር ተከራይ አለ። አግብቶ ጓሮው ላይ ቆርቆሮ የቀጠለ ልጅ አለ። መዝጋቢው የኪራይ ደብተር ያለውን ብቻ ጽፎ ከሄደ ሌሎቹ ሜዳ ላይ ቀሩ ማለት ነው። ቆጠራው ማታ ማታ፣ ሰው ቤቱ ሲገባ ቢሆን ይሻላል።

ጎረቤትን በዕጣ መበተን

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ አንዱ የካ አባዶ፣ ሌላው በከተማው ሌላ ዳር ያለው ቱሉ ዲምቱ ከደረሰው እድሩ በስም ብቻ ይቀራል። ለቅሶ ለመድረስ ታክሲ መቀያየር ነው። ልጅ አደራ የሚባልላት ጎረቤት፣ ለበሽተኛ ሾርባ የምታደርስ ጎረቤት፣ ቡና የሚያጣጣ ሰው፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይጠፋል። ዕጣው ለየቤተሰቡ ብቻ ለምን ይወጣል? የሚፈላለጉ ጎረቤቶች ተመዝግበው አንድ ብሎክ ቢደርሳቸው ምን ይጎዳል?

ድንኳን መጣያም ይታሰብ። መኪና ማቆሚያው ላይ ባለመኪናና እድርተኛ ሲጨቃጨቁ ማየት፣ ያውም በሐዘን ቀን፣ ያሳፍራል።

እንጀራውን መዘንጋት

እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት አራተኛ ፎቅ ወጥታ ማንን ትጠራለች? ግራውንድ ላይ ያሉት ሱቆች ደግሞ በጨረታ ይሸጣሉ። ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ከነጋዴ ጋር ተጫርታ አታሸንፍም። ጥቂቱን ቦታ ለነባር ቸርቻሪዎች በአነስተኛ ኪራይ መያዝ ያስፈልጋል። ለማገዶ፣ ለእርድና ለአጠባ የተሠራው የጋራ ህንፃም እንዳይከራይ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይታሰር።

አፍርሶ ማሰብ

ሰው ተነሥቶ፣ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ የቆሻሻ መጣያ ይሆናል። መጀመሪያ ክፍት ቦታ ላይ አንድ ብሎክ ይሠራ፣ ሰዎቹ ይግቡ፣ ከዚያ የነሱ ቤት ይፍረስ። ያረጀውን የፍሳሽ መስመር ሳይለኩ ፎቅ መደርደርም ያው ነው፤ ክረምት ሲገባ ይጋለጣል።

የተወሰነውን ማንበቢያ ስብሰባ

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ 1161/2011 ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት ራሱ እንዲያለማ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ግን ሰው ይህን የሚሰማው ቤቱ ላይ ቀይ ምልክት ከተቀባ በኋላ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ፕላኑ ገና በእርሳስ እያለ ነው ማወያየት። ማክሰኞ ጠዋት ቢጠሩት ሠራተኛው አይመጣም። እድሩ ግን በየወሩ እሑድ ይሰበሰባል፤ ወረቀቱን ይዞ እዚያው መሄድ ነው።