የአሴቲል ባንዱ የት ገባ? የሂስቶን ዌስተርን ብሎት ችግርና መፍትሄ

ዌስተርን ብሎት ፕሮቲኖችን ጄል ላይ በመጠን ለይቶ፣ የምንፈልገውን በአንቲቦዲ (ፕሮቲኑን ለይቶ በሚይዝ ሞለኪውል) የሚያሳይ ሙከራ ነው። ፊልሙ ላይ ጠቅላላው ኤች3 (ሂስቶን ከሚባሉት፣ ዲኤንኤ ከሚጠመጠምባቸው ፕሮቲኖች አንዱ) ደምቆ ወጥቷል። ሊሲን 27 (27ኛው አሚኖ አሲድ) ላይ አሴቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል የተለጠፈበትን ኤች3 የሚፈልገው አንቲቦዲ ግን ምንም አላሳየም። ባለፈው ክረምት ጅማ ላይ ይሄ ሲደጋገምብኝ «ጂኖቹ ተዘግተዋል» ብዬ ልጽፍ ትንሽ ነው የቀረኝ። እናንተ አትቸኩሉ።

ዲኤንኤ ስምንት ሂስቶኖች ላይ፣ ፈትል ቀሰም ላይ እንደሚጠቀለለው፣ 147 ቤዝ ጥንድ ያህል ይጠመጠማል። ሊሲን ፖዘቲቭ ነው፣ ዲኤንኤ ኔጌቲቭ፣ ስለዚህ ይሳሳባሉ። አሴቲል ሲለጠፍ የሊሲኑ ቻርጅ ይጠፋል፣ ጥምጥሙ ይላላል፣ ጂኑን የሚያነቡት ፕሮቲኖችም መግቢያ ያገኛሉ። ግን አሴቲሉን የሚነቅሉ ኢንዛይሞችም አሉ፣ ዲአሴቲሌዝ ይባላሉ፣ ሴሉን ስለሰበራችሁት ብቻ ሥራ አያቆሙም።

የኔን ባንድ የበሉት እነሱ ናቸው። መብራት ሄዶ በረዶው ቀልጦ ቱቦዎቹ ውሃ ላይ እየተንሳፈፉ፣ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብዬ ቀጠልኩ፣ በፈሬ (ሴሎቹን የምሰብርበት ፈሳሽ) ውስጥ ደግሞ ዲአሴቲሌዞቹን የሚገታ ነገር አልነበረም።

መፍትሄው ሶዲየም ቡቲሬት ነው። ሴሉን ከምታጥቡበት ጀምሮ በየበፈሩ 5 ሚሊሞላር አድርጉ፣ በዕለቱ ጨምሩት። የቆየ ቅቤ ይሸታል፣ አትደንግጡ፣ ስሙም ከቅቤ የመጣ ነው። በረዶውን ጠዋት መብራት ሳለ በፎም ሳጥን ሙሉት። ከሴሎቹ የተወሰኑትን ደግሞ ቀድማችሁ በቡቲሬት አሳድሯቸውና ጎን ለጎን አስኪዱ። እነሱም ላይ ባንድ ከጠፋ አንቲቦዲውን ጠርጥሩ።

ጠቅላላው ኤች3ም ከሌለ ነገሩ ሌላ ነው። ኤች3 ትንሽ ፕሮቲን ነው፣ 15 ኪሎዳልተን አካባቢ። 15 ፐርሰንት ጄልና ቀዳዳው 0.2 ማይክሮሜትር የሆነ ሜምብሬን (ፕሮቲኑ ከጄሉ የሚተላለፍበት ስስ ወረቀት መሰል ነገር) ተጠቀሙ፣ በ0.45ቱ ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል።

ባንዱ መጣ፣ የምትከታተሉት ጂን ኤምአርኤንኤ (ጂኑ ሲነበብ የሚወጣው ቅጂ) ግን አልጨመረም? ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ዌስተርን ብሎት የጂኖሙን ሁሉ ድምር ነው የሚያሳየው፣ የእናንተን ጂን ለይቶ አይነግራችሁም። በክሮማቲን ኢሚውኖፕሪሲፒቴሽን (ሂስቶኑን በአንቲቦዲ ይዞ አብሮት ያለውን ዲኤንኤ በሚለይ ዘዴ) ፕሮሞተሩን፣ ማለትም የጂኑ ንባብ የሚጀምርበትን ቦታ፣ ራሱን እዩ። አንድ ሊሲን አሴቲልና ሦስት ሜቲል (ሜቲልም ሌላ ትንሽ ኬሚካል ነው) በአንድ ጊዜ መያዝ አይችልም፣ ስለዚህ የእናንተ ፕሮሞተር ላይ ሊሲን 27 በሦስት ሜቲል ተይዞ ከሆነ ጂኑ ዝም ቢል አይገርምም። «ሜቲል ሁሉ ይዘጋል» ብላችሁ ግን እንዳትይዙት፤ ሊሲን 4 ላይ ሦስት ሜቲል የሚገኘው በሚሠሩ ጂኖች ፕሮሞተር ላይ ነውና የሊሲን 27ንም የሊሲን 4ንም ሦስት ሜቲል የሚፈልጉ አንቲቦዲዎች እዘዙ።