መኪናን ግቢ አቁሞ በአውቶቡስ ሥራ መመላለስ፦ ከማታው ጀምረው ያስቡት

ሰሚት እኖራለሁ፤ መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ ነው። በሳምንት አራት ቀን ቪትዟ ግቢ ትውላለች፤ ዓርብ ብቻ አወጣታለሁ። ወደዚህ ልማድ ከመግባቴ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱም ሳምንት ሳይሞላቸው ቀርተዋል። ምክንያቱ አንድ ነበር፤ ጠዋት እንዴት እንደምሄድ እንጂ ማታ እንዴት እንደምመለስ አላሰብኩም። ስለዚህ የምነግርዎት ከማታው ጀምሬ ነው።

የመመለሻውን መንገድ በእግር ያጥኑ

ጠዋት የአዲስ አበባ ሰው ከየሰፈሩ ተበታትኖ ነው የሚነሳው። ማታ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ሜክሲኮ፣ ስታዲየም፣ ፒያሳና መገናኛ ላይ ይከማቻል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ ቢደርሱ ሰልፉ ተጠማዞ ተጠማዞ ጫፉ ራሱ ይጠፋል። "የሰሚት ሰልፍ ነው?" ብለው ይቆማሉ፤ ሃያ ደቂቃ ከቆሙ በኋላ ከፊትዎ ያለችው ሴትዮ "ኧረ የጎሮ ነው፣ የሰሚቱ ከወዲያ ነው" ትልዎታለች። እኔ ላይ ደርሷል።

መኪናውን ገና ሳይተዉ፣ አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ ቁልፉን ኪስዎ ከተው አካባቢውን በእግር ይዙሩ። ወደ ሰፈርዎ የሚሄደው አውቶቡስ ቁጥሩ ስንት ነው? መነሻው የት ነው? ተሳፋሪው የት ይሰለፋል? ተራ አስከባሪዎቹንና እዚያው የሚሠሩትን ሊስትሮዎች ይጠይቁ፤ ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ።

ከዚያ መነሻውን ይያዙ። አውቶቡስ መሃል መንገድ ላይ ካለ ፌርማታ ሲደርስ ሞልቶ ነው፤ በሩን ሳይከፍት የሚያልፍም አለ። መነሻው ላይ ግን ባዶውን ይመጣል። እኔ ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር ወደ ኋላ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሞኝነት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ሜክሲኮ ላይ ከሚጠብቁት ባልደረቦቼ ቀድሜ ቤቴ የምገባበት ቀን ይበዛል፣ ያውም ተቀምጬ። መሥሪያ ቤትዎ ሰዓት ማዛወር የሚፈቅድ ከሆነ ቀደም ብለው ገብተው ቀደም ብለው ይውጡ። 10 ሰዓት ላይ የወጣና 11 ተኩል ላይ የወጣ ሰው አንድ ከተማ ውስጥ ያሉ አይመስሉም።

የትኛውን ልያዝ?

የከተማ አውቶቡሶቹ፣ ማለትም ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያለው አንበሳና ኋላ የመጣው ሸገር፣ በድጎማ ስለሚሠሩ ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው። ጉድለታቸው መጠበቁ ነው። ሃይገርና ቅጥቅጥ መካከለኛ ናቸው። ሚኒባስ ታክሲው በየደቂቃው ቢመጣም ረጅም መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስቀይራል። እኔ አጭሩን በታክሲ፣ ረጅሙን በአውቶቡስ እሄዳለሁ።

ታክሲ ሲይዙ ታፔላውን አይተው ብቻ አይግቡ። በተለይ በሥራ መውጫ ሰዓት አንዳንዱ መንገዱን ቆራርጦ ይጭናል፤ ታፔላው መገናኛ እያለ ረዳቱ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ላይ "መጨረሻ ነው፣ ውረዱ" ይላል፤ ከዚያ እንደገና መክፈል ነው። እግርዎን ከማንሳትዎ በፊት "እስከ የት ነው?" ይበሉ።

ባቡሩም አለ፤ ከመስከረም 2008 ጀምሮ ይሠራል። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉትን ጣቢያዎች ሁለቱ መስመሮች በጋራ ስለሚጠቀሙባቸው የአያቱም የቃሊቲውም ባቡር እዚያው መድረክ ላይ ይቆማል። ከመግባትዎ በፊት ግንባሩ ላይ የተጻፈውን መድረሻ ያንብቡ። ሳሪስ ላይ ነቅቶ መመለስ ቀልድ አይደለም።

ጠዋት

ጠዋቱ ቀላል ነው። 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከቤት ከወጡ ቦታ ያገኛሉ፤ 1 ሰዓት ካለፈ የተማሪው፣ የሠራተኛውና የወላጁ ሩጫ አንድ ላይ ይገጥማል። ዝርዝር ብር ማታውኑ ያዘጋጁ። በማለዳ 200 ብር ዘርግቶ መልስ መጠበቅ ከረዳቱ ጋር ቀኑን በጭቅጭቅ መክፈት ነው። ቴሌብር በሚቀበለው ላይ በዚያው ይክፈሉ፤ ግን ስልክዎን አውጥተው በር ላይ አይቁሙ። ቦርሳን ወደ ፊት ማዞር፣ ስልክን ወደ ውስጥ ኪስ።

ለረጅም ጊዜ መኪና የነዳ ሰው የሚታወቀው አወራረድ ላይ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ልክ የመሥሪያ ቤቱ በር ጋ ሲደርስ "እዚህ ጋ አውርዱኝ" ይላል። አውቶቡስ የሚያቆመው ፌርማታው ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ፌርማታ ሲቀር ወደ መውረጃው በር መጠጋት ይጀምሩ። "ወራጅ አለ!" የሚሠራው ታክሲ ላይ ነው፤ እሱንም ጮክ ብለው። አፍሮ በለሆሳስ ያለ ሰው አልፎ ይወርዳል።

ለሐምሌ መዘጋጀት

ብዙ ሰው የሚያቆመው ክረምት ሲገባ ነው። ትርፍ ጫማና ካልሲ ቢሮ፣ ከጠረጴዛዎ ሥር ያስቀምጡ። የምትታጠፍ ጃንጥላ ከቦርሳዎ አትውጣ፣ ጠዋት ፀሐይ ቢሆን እንኳ።

ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ ሰልፉም የማይንቀሳቀስበት ማታ ይመጣል። ለዚያ ቀን ራይድ ወይም ኮንትራት ታክሲ ከሰፈር ልጆች ጋር ተጋርቶ መሄድ ነው፤ በወር ሁለት ሦስቴ እንደሚሆን አስበው ገንዘቡን አስቀድመው ይያዙ። ከነዳጁ፣ ከፓርኪንጉና ከመኪና አጣቢው ከሚተርፈው ቢወሰድ ብዙም አይጎዳም። እኔ ግን ያኔ አንድ እንዲህ ያለ ማታ ሲገጥመኝ "ይኸው፣ አልሆነም" ብዬ በማግስቱ ቁልፉን አነሳሁ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ያከተመው በዚህ ነው።

መኪናዋን አይርሷት

አንድ ጊዜ ደግሞ ነገሩ እጅግ ሰምሮልኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳላወጣት ቀረሁ። እናቴን ሐኪም ቤት ላደርስ ቁልፉን ባዞር ጭጭ አለች፤ ባትሪው ወርዷል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች፣ እኔ የጎረቤት በር አንኳኳለሁ። የእሳቸውን መኪና አስጠግተን፣ ባትሪ ከባትሪ አገናኝተን በስንት መከራ ተነሳች። በየሳምንቱ ዓርብ የማወጣት ለዚህ ነው፤ ሥራ ደርሳ ትመለሳለች፣ በዚያው አስቤዛውንም እጭንባታለሁ።