ልብወለዳችሁ ስክሪቭነር ውስጥ ተዘበራርቆ ገባ? ችግርና መፍትሄ

ወርድ ላይ የጻፋችሁትን ልብወለድ ወደ ስክሪቭነር (የረጅም ጽሑፍ መጻፊያ ሶፍትዌር ነው) ልታስገቡ ነው እንበል። መጀመሪያ ኮፒ አድርጉትና ዋናውን ፋይል አትንኩት። ከታች ያለው ሁሉ የሚሠራው ኮፒው ላይ ነው። ጥፋቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሶፍትዌሩ አይደለም፤ ወርዱ ውስጥ ተደብቆ የቆየ ነው።

ፊደሉ ተበላሽቶ ገባ

ምን እንደሚታያችሁ በደንብ እዩት፣ ብልሽቱ ሦስት ዓይነት ነውና መድኃኒቱም ይለያያል።

ባዶ ሳጥን ብቻ ከተደረደረ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። ሁሉንም ምረጡና ኒያላ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ አድርጉት።

የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቁ ከወጣ ግን ጽሑፉ የተተየበው በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደላት ኮድ ማለት ነው) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ስለዚህ ፎንቱ ሲቀየር ሥር ያለው ላቲን ብቅ ይላል። ሌላ ፎንት መምረጥ አያድነውም፤ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ያስፈልጋል። የድሮውን ፎንት ስም ወርድ ላይ አይታችሁ ያዙ፣ ትፈልጉታላችሁ።

የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነስ? ያ ፋይል አለቀለት። ኖትፓድ ላይ በአንሲ (አማርኛን በማይዘው የድሮ ኮድ) ሴቭ ሲደረግ ፊደሉ ተጥሏል። ወደ ዋናው ተመለሱና በዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ ዓይነት ነው) እንደገና ሴቭ አድርጉት።

መጽሐፉ በሙሉ አንድ ዶክመንት ሆኖ ገባ

«ምዕራፍ አንድ» የሚለውን ቦልድ አድርጋችሁ ስላገዘፋችሁት ለእናንተ ርዕስ ነው፣ ለሶፍትዌሩ ግን ወፈር ያለ መስመር ብቻ ነው። እያንዳንዱን የምዕራፍ ርዕስ ሄዲንግ 1 ስታይል ስጡት። ከዚያ ወርድ ላይ ናቪጌሽን ፔንን ክፈቱ። ምዕራፎቹ በግራ በኩል ከተደረደሩ ጨርሳችኋል፣ ባዶ ከሆነ ስክሪቭነርም አያያቸውም። አሁን ፋይል፣ ኢምፖርት፣ ኢምፖርት ኤንድ ስፕሊት ብላችሁ በዶክመንቱ አውትላይን፣ ማለትም በሄዲንጎቹ፣ እንዲከፍል ምረጡ።

ሌላው መንገድ # ነው። መቆረጥ ያለበት ቦታ ሁሉ ላይ ብቻውን በአንድ መስመር አስቀምጡትና በመለያ ምልክት እንዲከፍል እዘዙት። በአንድ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ነው የምትመርጡት፣ ስለዚህ በ# ከሄዳችሁ በትዕይንቶች መሀል ብቻ ሳይሆን በምዕራፎች መሀልም መኖሩን አረጋግጡ።

የቃላት ብዛቱ የማይታመን ሆነ

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በቃላት መሀል ስፔስ ሳይሆን ሁለት ነጥብ ከተጠቀማችሁ፣ ስፔስ እያየ የሚቆጥር ቆጣሪ «ልጁ፡ወደ፡ቤት፡ሄደ» የሚለውን እንደ አንድ ቃል ይወስደዋል። ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ይፈታዋል፣ ግን ቅደም ተከተሉን ካሳታችሁ ጉድ ነው። መጀመሪያ 2፡30 ዓይነት ሰዓቶችን እየፈለጋችሁ በእንግሊዝኛው ኮለን ወደ 2:30 ቀይሩ። ቀጥሎ «፡፡» እና «::» የተባለውን ሁሉ ወደ «።» ቀይሩ። በመጨረሻ የቀረውን ነጠላ «፡» በስፔስ ተኩ። ከኋላ ከጀመራችሁ ዓረፍተ ነገር የት እንደሚያልቅ የሚያሳይ አንድም ምልክት አይተርፋችሁም፣ ሦስት መቶ ገጽ ላይ ቁጭ ብላችሁ አራት ነጥብ ስትለቅሙ ትከርማላችሁ።

በየአንቀጹ መሀል ባዶ መስመር፣ መሀል መሀል ላይ «ይቀጥላል»

ቴሌግራም ላይ ክፍል በክፍል ከለቀቃችሁት የተገለበጠ ነው። «ይቀጥላል»ን፣ የቻናሉን ሊንክና «ላይክ ሳታደርጉ እንዳታልፉ»ን እየፈለጋችሁ አጥፉ። ለባዶ መስመሩ፣ ፋይንድ ሳጥን ውስጥ ከስፔሻል ላይ ፓራግራፍ ማርክን ሁለቴ፣ ሪፕሌስ ውስጥ አንዴ አስገቡና ሪፕሌስ ኦል በሉ። አልቀየርኩም እስኪላችሁ ደጋግሙት። ቴሌግራም ላይ «ክፍል 14» ያላችሁት ደግሞ የግድ ምዕራፍ 14 አይደለም፣ ሄዲንግ ከመስጠታችሁ በፊት አስቡበት።

ገጸ ባሕሪውን ስፈልገው ግማሹ ቦታ ላይ የለም

አንድ ቦታ ኃይሉ፣ ሌላ ቦታ ሀይሉ ብላችሁታል። ሶፍትዌሩ እነዚህን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነው የሚያደርጋቸው። አንዱን ምረጡና ሳታስገቡ በፊት ሁሉንም አስተካክሉ።

የተሰረዘው ዓረፍተ ነገር ተመልሶ መጣ

ኤዲተራችሁ በትራክ ቼንጅስ (እያንዳንዱን እርማት ምልክት አድርጎ በሚያቆየው የወርድ መሣሪያ) ያረመው ፋይል ነው፣ እርማቱም ገና አልጸደቀም። ሪቪው ውስጥ ገብታችሁ እያያችሁ አጽድቁ ወይ ጣሉ፣ ኮሜንቶቹንም አንሱ። ከዚያ ሁለት ምዕራፍ ብቻ ቆርጣችሁ በሙከራ አስገቡ፣ ደህና ከገባ ሙሉውን ልቀቁት።