ከፒያሳ ሳይወጡ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ልጽፍ ነው የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ከሬሳ ይጀምራል። ሬሳ፣ ካፖርት የለበሰ መርማሪ፣ ሽጉጥ፣ የጨለመ ጎዳና። የፒያሳ ልጅ ይህን ሁሉ በስልኩ አይቶ ጨርሷል። ከአማርኛ መጽሐፍ ብቻ የሚያገኘው ሌላ ነው፦ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር፣ በእኛ አንቱታ፣ በእኛ ፊደል ካልሆነ የማይፈታ ምስጢር። እንዲህ ያለው ታሪክ እንዴት እንደሚሠራ ከመነሻው ላሳያችሁ። ለምሳሌ የሚሆነንን ታሪክ እዚሁ እየፈጠርን እንሄዳለን።

መጀመሪያ፦ ምን እንደጠፋ ወስኑ

ግድያ የግድ አይደለም። ለ14 ዓመት ልጅ ከማያውቀው ሰው ሞት ይልቅ የአያቱ ዕንባ ይቀርበዋል። ስለዚህ የሰፈሩ ዕድር መዝገብ ጠፋ እንበል። ሰፈሩ ለልማት ሊነሳ ነው። ነዋሪው ሊበተን ስለሆነ የዕድሩ ገንዘብ ለአባላት ሊከፋፈል ነው። ማን ስንት ዓመት እንዳዋጣ፣ ማን ውዝፍ እንዳለበት የሚናገረው ያ አሮጌ መዝገብ ብቻ ነው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አልተሰበረም። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት ሁሉ በቦታው ነው። መዝገቡ የለም።

አንባቢ ወዲያው «ለፖሊስ አይናገሩም እንዴ?» ይላል። ይህን ጥያቄ ሳትመልሱ ምዕራፍ ሁለት አትግቡ። ደግነቱ መልሱ እኛ ዘንድ ዝግጁ ነው። ሽማግሌዎቹ «ገመናችንን አደባባይ አናወጣም፤ በሽምግልና እንጨርሰዋለን» ይላሉ። በቃ፣ ፖሊስ ከታሪኩ ወጣ፤ ማንም ግን ሞኝ አልሆነም።

ከዕድር ከፍ ያለ ነገር ማስረቅ የሚፈልግም አይጠፋም። አራት ኪሎ አጠገብ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ለጎብኚ የምትታየው ድንቅነሽ ቅጂ ናት፤ እውነተኛው አጽም ለብቻው ተቆልፎበት ይቀመጣል። ለገሃር ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም በጣሊያን ወረራ ዘመን ሮም ድረስ ተወስዶ፣ ኋላ የተመለሰ ነው። ከሁለቱም መጽሐፍ ይወጣል። ለጀማሪ ግን ዕድሩን እመክራለሁ። የሙዚየም ጥበቃ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠይቃል፤ የዕድር ዕቃ ቤት ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ቀጥሎ፦ መልሱን አስቀድማችሁ ጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። ማን ወሰደው፣ ለምን፣ እንዴት፣ ምን ዱካ ትቶ ሄደ። በእኛ ታሪክ መዝገቡን የወሰዱት የቀድሞው ገንዘብ ያዥ ባለቤት ናቸው እንበል። ባላቸው ሞተዋል። በሕይወት ሳሉ ከዕድሩ ገንዘብ አንስተው ሳይመልሱ ቀርተዋል። እማማ የባላቸው ስም እንዳይነሳ ፈርተዋል። ትርፉ ቁልፍ ደግሞ ከቤታቸው አልወጣም ነበር።

እንዲህ ያለ ጥፋተኛ ለልጅ አንባቢ ይጠቅማል። ክፉ ሰው መያዝ ቀላል ነው። የምትወዳቸውን ጎረቤት መያዝ ግን ጉዳዩን የምትመረምረውን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ያስቀምጣታል፤ አንባቢዋንም አብሮ።

በፈረንጆቹ 1929 ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ፣ እሱም የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ ነበር፣ ለምርመራ ልቦለድ ዐሥር ሕግ አውጥቶ ነበር። ብዙዎቹ ዛሬ ያስቃሉ። ሁለቱ ግን አሁንም ይሠራሉ፦ ጥፋተኛው ከታሪኩ መጀመሪያ ጀምሮ መታየት አለበት፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ መደበቅ የለበትም። ስለዚህ እማማ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ቡና ሲያፈሉ እንያቸው።

ጀግናችሁን የሚላክ ልጅ አድርጉ

የፈረንጅ ልጅ መርማሪ መኪና አለው፣ የራሱ ክፍል አለው፣ ወላጆቹ ሁልጊዜ ጉዞ ላይ ናቸው። የእኛዋ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እናቷ «የት ነበርሽ?» ሳትላት አንድ ሰዓት አያልፍም። ይህን እንደ ችግር የሚያየው ጸሐፊ ብዙ ነው። እኔ ትልቁ ሀብት ይመስለኛል። እዚህ አገር ልጅ ይላካል። «ሂጂ ሽንኩርት ግዢ»፣ «ይህን ሰሃን ለእትዬ አድርሺ»፣ «ጋሼን ጥሪልኝ»። የሚላክ ልጅን ማንም ምን ትሠሪያለሽ አይለውም። ግቢ ይገባል፣ ጓዳ ድረስ ይዘልቃል፣ ትልልቆች ሲያወሩ ቆሞ ይጠብቃል። የተላከችበትን ሰሃን ይዛ በር ላይ የቆመች ልጅ ብዙ ነገር ትሰማለች።

መንገድ ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ሊስትሮው፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ዘበኛው። ከእነዚህ ሁለቱን ብቻ ምረጡ። ሁሉም ከመሰከሩ ምስጢር አይኖርም።

ስልኩንስ? ልጆች ስልክ አላቸው። አትሰብሩት፣ አታስጠፉት። ካርድ አልቆበታል ማለት አንዴ ይሠራል፤ ሁለተኛ ጊዜ አንባቢ ይስቃል። ይልቅ ስልኩ ያሳታት፤ ፎቶው ደብዝዞ የተሳሳተ ሰው ያስመስል።

ጊዜውን ከቡሄ እስከ እንቁጣጣሽ

ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ዝናቡ አላባራም፣ መብራት ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ግን በዚህ ጊዜ ሁለቴ የየቤቱ በር ይከፈታል። በቡሄ ዋዜማ ወንዶቹ ሆያ ሆዬ እያሉ ይዞራሉ። መስከረም 1 ሴቶቹ በአበባየሆሽ ይዞራሉ። ለመርማሪ ከዚህ የተሻለ ፈቃድ የለም።

እንዲህ ብናደርገውስ። መዝገቡ የጠፋው በነሐሴ መጀመሪያ ነው። ልጅቷ ቡሄ ላይ ታናሽ ወንድሟን ትልካለች። «የእማማን ቤት ግድግዳ በደንብ እይ» ትለዋለች። እሱ ዱላውን እየመታ ሲጨፍር ዓይኑ ያረፈው ሙልሙሉ ላይ ብቻ ነው። ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ሆዱ ግን ሞልቷል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ከምናምን ትጠብቃለች። መስከረም 1 ራሷ አበባ ይዛ ትገባለች። የመጨረሻው ቀን ከመጀመሪያው ስለሚታወቅ አንባቢ ቀን መቁጠር ይጀምራል። ጳጉሜን ስትቆጥሩ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ በ2015 ስድስት ቀን ነበረች፣ በ2016 አምስት።

እዚያው ሄዳችሁ ተራመዱ

ፒያሳን ከትዝታ አትጻፉ። ከመጋቢት 2016 ወዲህ ብዙው አሮጌ ቤት ፈርሷል፣ መንገዱ ሰፍቷል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም የተመረቀው በየካቲት 2016 ነው። ታሪካችሁ የትኛው ዓመት ላይ እንደሆነ ከወሰናችሁ በኋላ ብቻ ልጅቷን አስሩጧት። በ2007 የሚሆን ታሪክ ላይ ሁለት ጓደኛሞችን አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ሥር ያቀጣጠረ ሰው ተሸውዷል፤ ሐውልቱ በ2005 ለባቡሩ ግንባታ ተነስቶ ያኔ ብሔራዊ ሙዚየም ነበር።

ማሳደድ ካለ ዳገቱን አስቡ። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ቁልቁለት ነው፤ ጉልበት የሌለውም ይሮጣል። ከአራት ኪሎ ግን ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርዶ ወደ ፒያሳ መውጣት ትንፋሽ ይቆርጣል። በምዕራፉ ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚደክም መንገዱ ይነግራችኋል።

ፍንጮቹ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ መጽሐፉ የሚወድቀውም የሚነሳውም እዚህ ነው።

በአማርኛ ወንጀል የሚጽፍ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ የሚገጥመው ችግር ግሱ ነው። «ገባ» ካልኩ ወንድ ነው፤ «ገባች» ካልኩ ሴት ናት። ጥፋተኛው ገና ሳይታወቅ ግማሹን ተጠርጣሪ አስወጣሁ ማለት ነው። መውጫው ብዙ ነው። «በሩ ተከፈተ» ይባላል። «አንድ እጅ ቁልፉን አዞረ» ይባላል። ዋናው መውጫ ግን አንቱታ ነው። አንቱታ ጾታን ይደብቃል፤ ቁጥርንም ይደብቃል።

ሊስትሮው ለልጅቷ ወንድም እንዲህ ብሎታል እንበል፦ «ማታ ጃንጥላ ይዘው ከዕቃ ቤቱ ሲወጡ አይቻቸዋለሁ።» በማግስቱ ሊስትሮው ለክረምቱ አገር ቤት ይሄዳል። ወንድሟ የሰማውን እንዳለ ይነግራታል። አሁን እነማን ናቸው የወጡት? ሁለት ጎረምሶች? ሦስት? ሰፈሩ በሙሉ ሌቦችን በብዙ ቁጥር ይፈልጋል። መኪና የሚያጥቡትን ወጣቶች ይጠረጥራል። ልጅቷም አምስት ምዕራፍ ሙሉ በተሳሳተ መንገድ ትሄዳለች። ከዚያ አንድ ቀን ሊስትሮው በምዕራፍ ሁለት እንዴት እንደሚያወራ ትዝ ይላታል። እኩዮቹን «አንተ» ይላል። ወጣት ደንበኞቹንም «አንተ» ይላል። አንቱ የሚለው ሽበት ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ የወጡት ብዙ ሳይሆኑ አንድ ትልቅ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ወንድ ይሁኑ ሴት ግን አልተነገረም። አንባቢ ወደ ኋላ ገልጦ ሲያይ ሁሉም ነገር ገጹ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ፍንጭ ፊደል ነው። በበር ሥር አንድ ብጣሽ ወረቀት ይገኛል፦ «ዐይናችሁን ከዚህ ሥራ ላይ አንሡ።» ዛሬ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ይህን ቢጽፍ «አይናችሁን»፣ «ስራ»፣ «አንሱ» ይል ነበር። ዐይንን በዐይኑ ዐ፣ ሥራን በንጉሡ ሠ የሚጽፍ ሰው ፊደልን ከቄስ የተማረ ነው። ጥርጣሬው መጀመሪያ በዕድሩ ጸሐፊ ላይ ይወድቃል፤ ድቁና የነበራቸው ሰው ናቸውና። ግን በምዕራፍ ሦስት እማማ መነጽራቸውን አድርገው ዳዊት ሲደግሙ አይተናቸዋል፤ አባታቸውም ቄስ እንደነበሩ በጨዋታ መሀል ተነግሯል። ልጅቷም ቢሆን ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልጋትም፤ አማርኛ ደብተሯ ላይ መምህሯ ያረሙት ቀይ ቀለም ይበቃታል።

የሰዓት ፍንጭም ይቻላል። ደረሰኝ ላይ 08:10 ይላል። አንዱ ሽማግሌ «ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10» ብሎ ያነበዋል፤ እውነቱ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ከ10 ነው። ጥሩ ማወናበጃ ነው፤ ግን ለሁለት ምዕራፍ ብቻ። የአዲስ አበባ ልጅ ሁለቱን ሰዓት ሲያምታታ ያደገ ስለሆነ ቶሎ ይነቃባችኋል። የመጨረሻ መልስ አድርጋችሁት ከሆነ ሼም ነው።

ሦስቱን ፍንጮች በአንድ ምዕራፍ አታከማቹ። እያንዳንዱን ከሚያስቅ ወይም ከሚያስደነግጥ ነገር አጠገብ ቅበሩት። ወረቀቱ ሲገኝ አያት ደንግጠው ስኒ ይስበሩ፤ አንባቢ ስኒውን እያየ «ሠ» የምትለዋን ፊደል ያልፋታል።

ምዕራፍና ቋንቋ

ከ25 እስከ 35 ሺህ ቃል ለዚህ ዕድሜ ይበቃል ባይ ነኝ። ምዕራፉ በአንድ የታክሲ ጉዞ የሚያልቅ ይሁን። የአራዳ ቃል በልኩ አድርጉ፤ የዘንድሮ ልጆች ቋንቋ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያረጃል። ልጅቷ ከእማማ ጋር ስታወራ አንቱ ማለቷ እንዳይረሳ፤ በተለይ ልታጋልጣቸው በሄደችበት ምዕራፍ። «እማማ፣ እርስዎ ነዎት አይደል?» ብላ አጎንብሳ የምትጠይቅ ልጅ ጣት ከምትቀስር ይልቅ ታስፈራለች።

በልጆች ፈትኑት

ሁለት ሦስተኛው ላይ አቁሙና የቤተሰብ ልጆች የጠረጠሩትን ሰው ስም በወረቀት ይጻፉ። ሁሉም እማማን ከጻፉ ፍንጩ ገጥጧል። ማንም ካልጻፋቸው ደብቃችኋል፤ አንዱን ፍንጭ ወደ ፊት አምጡት። ከአምስት አንዱ ቢያገኝ ልክ ነው።

ሌላው መፈተኛ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ነው። መምህሩን አስፈቅዳችሁ አንድ ምዕራፍ በእረፍት ሰዓት ይነበብ። ጫጫታው ካልቀነሰ የምዕራፉን መጀመሪያ ቁረጡ። ደውል ሲደወል «ከዚያስ?» የሚል ከተገኘ አትንኩት።

ወደ ማተሚያ ቤት

የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን (ISBN) ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ታወጣላችሁ። መብታችሁንም እወቁ፤ በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል።

ለአራሚው ከረቂቁ ጋር ማስታወሻ ስጡት። «በምዕራፍ ሰባት ያለችው ወረቀት ላይ ዐ እና ሠ ሆን ተብለው የገቡ ናቸው፣ እንዳይነኩ» በሉት። ታታሪ አራሚ ከሆነ መጽሐፉን ወጥ ለማድረግ ሲል ፍንጩን በሙሉ አስተካክሎ ይመልስላችኋል። የመጨረሻው ፕሩፍ (ከመታተሙ በፊት የሚታየው ቅጂ) ሲመጣ መጀመሪያ የምትከፍቱት ያንን ገጽ ይሁን።