የማያውቁትን ቃል ከዐውዱ ማውጣት

መዝገበ ቃላት ሳይገልጡ የቃልን ፍቺ ማግኘት ሥርዓት ያለው ሥራ ነው፤ በደፈናው ከመገመት የሚለየውም በዚህ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ጽሑፉ ለዚህ ሥራ የሚመች መሆን አለበት። አንድ ገጽ ምረጡና የማታውቋቸውን ቃላት በእርሳስ አስምሩ። 250 ቃላት ባሉት ገጽ ላይ የተሰመረባቸው ከ5 ካልበለጡ ዐውዱ ይረዳችኋል። ወደ 12 እና 13 ከደረሱ ግን አንዱን ያልታወቀ ቃል ይፈታል የተባለው ቃል ራሱ ያልታወቀ ይሆናል። ያኔ ጽሑፉን ለሌላ ጊዜ አቆይቶ ቀለል ያለ መፈለግ ነው። ስለ ንባብ የተደረጉ ጥናቶችም ያለ እርዳታ ለመረዳት ከ100 ቃላት 98 ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልግ አሳይተዋል።

ለመለማመጃ የምትሆን አንቀጽ እነሆ፦

«እናትየዋ አክርማና ስንደዶዋን ከፊቷ ዘርግታ ስፌቷን ጀመረች። በወስፌው ትወጋለች፣ ታሳልፋለች፣ ታጠብቃለች። ለጌጡ ጊዜ ቀይና አረንጓዴ አለላ መዘዘች፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ የሙዳዩ ወገብ ላይ ደረሰች።»

መጀመሪያ ሳትቆሙ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «አክርማ» ላይ ተገትሮ ይቀራል፣ ፍንጩ ግን ወረድ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ ተመልሳችሁ በቃሉ ቦታ «ነገር» የሚለውን አስገቡ፤ ግሥ ከሆነ «አደረገ»ን። «በነገሩ ትወጋለች» ስትሉ «በ» መሣሪያን እንደሚያመለክት፣ «ትወጋለች» ደግሞ መሣሪያው ሹል መሆኑን እንደሚናገር ይታያችኋል። ስለዚህ ወስፌ ሹል የስፌት መሣሪያ ነው። አለላ ቀለም አለው፣ ይመዘዛል፣ ለጌጥ ይውላል፤ እንግዲያው ባለ ቀለም ዘለላ ነገር ነው። ሙዳይ የሚሰፋና «ወገብ» ያለው ስለሆነ ዕቃ መሆን አለበት። ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ ክዳን ይኑረው አይኑረው አንቀጹ አልነገረንም።

አክርማና ስንደዶስ? ሁለቱም የስፌት ግብዓት መሆናቸው ይታወቃል፤ አንዱን ከሌላው የሚለይ ፍንጭ ግን የለም። እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። «የስፌት ግብዓት፣ ሁለት ዓይነት» ብሎ ጽፎ ማለፍ ትክክለኛ መልስ ነው። ጎዶሎ ፍቺ ጉዳት የለውም፣ የሚጎዳው በፈጠራ የተሞላ ፍቺ ነው። ሁለቱ የሣር ዓይነቶች መሆናቸውን ሌላ ጽሑፍ ወይም አንዲት ስፌት የምታውቅ እናት ትነግራችኋለች።

አማርኛ በተለይ የሚያግዘን በቃሉ ቅጥያዎች ነው። «የማኅበሩ ገንዘብ እንዳይመዘበርባቸው ሦስት ቁልፍ ያዦች መረጡ» የሚለውን ተመልከቱ። ከፊት «እንዳይ»ን፣ ከኋላ «ባቸው»ን ስትገፉ «መዘበር» የሚል ግንድ ይቀራል። የተገፋው ቅጥያ ግን እንዳይጣል። «እንዳይ» ድርጊቱ የማይፈለግ መሆኑን ይነግራል፤ «ባቸው» ደግሞ የሚደርሰው በእነርሱ ላይ መሆኑን። «ላቸው» ቢሆን ኖሮ ለጥቅማቸው የሚደረግ ነገር ይሆን ነበር። ገንዘብ፣ ቁልፍና ጉዳት ሲገናኙ ስርቆት ወይም ብክነት ላይ ያደርሱናል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ «የተቀመጠበት ወንበር» እንደሚባለው «በት» ቦታንም ስለሚያመለክት ሁልጊዜ ጉዳት ማለት አይደለም።

ከቃሉ ዙሪያ ደግሞ አያያዦችን ፈልጉ። «ማለትም» ካለ ፍቺው ቀጥሎ ተቀምጧል። «ግን»፣ «ይልቅ» እና «ሳይሆን» ተቃራኒውን ያሳያሉ። «ና» አታላይ ነው፤ «ሀብትና ጥሪት» ላይ ተቀራራቢዎችን ያጣምራል፣ «ክፉና ደጉ» ላይ ግን ተቃራኒዎችን።

የ«ሳይሆን» ኃይል በሕፃናት ላይ ተፈትኗል። በ1978 እ.ኤ.አ. በታተመ ታዋቂ ጥናት የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ሁለት ትሪ ቀርቦላቸው የሚያውቁትን ቀለም ሳይሆን «ክሮሚየሙን» እንዲያመጡ ተጠየቁ። ቃሉን ሰምተውት አያውቁም፤ ሌላኛውን ትሪ ግን አመጡ። ከእነርሱም የተወሰኑት ከቀናት በኋላ ቃሉ የቀለም ስም መሆኑን ያስታውሱ ነበር፣ የትኛው ቀለም እንደሆነ በትክክል ባይዙም። በውጭ አገር ልጆቻቸውን አማርኛ የሚያስተምሩ ወላጆች ይህን ቢጠቀሙበት እጅግ ይጠቅማቸዋል። «ወይን ጠጅ ማለት...» ብሎ ከመተርጎም «ቀዩን ሳይሆን ወይን ጠጁን አቀብዪኝ» ማለት ይሻላል።

ግምት የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ድምፅን መከተል ነው፦ ወስፌን ከወስፋት ጋር ማዛመድ። ቅርጽ የሚመረመረው ዐውዱ ከተነበበ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። ሁለተኛው የፊደላችን ባሕርይ ነው፤ መጥበቅና መላላት ስለማይጻፍ «ዋና» መዋኘትም ዋነኛም ይሆናል፣ «ይመታል» የሚባለው መቺውም ተመቺውም ሰው ሊሆን ይችላል። የምታውቁት ቃል ዓረፍተ ነገሩን ካፈረሰው አጥብቃችሁም አላልታችሁም አንብቡት። እያንዳንዱ ቃል ታውቆ ሐሳቡ ካልመጣ ደግሞ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» እንደሚባለው ያለ ፈሊጥ ገጥሟችኋል፤ ቃል በቃል አትፍቱት፣ ሙሉውን እንደ አንድ ቃል ያዙት። ሦስተኛው ደግሞ ፍንጭ የሌለው ዐውድ ነው። «ትናንት ሙዳይ አየሁ» ከሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አይወጣም፣ መታገልም አያስፈልግም።

ግምታችሁን በቃሉ ቦታ አስገብታችሁ ዓረፍተ ነገሩን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ከተሰናከለ ሌላ ሞክሩ። መዝገበ ቃላት የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። ግሥን የምታገኙት በ«እሱ» ያለፈ ጊዜ ነው፦ «እንዳይመዘበርባቸው»ን «መዘበረ» ብላችሁ ፈልጉ። ካጣችሁት በሞክሼ ፊደላቱ ሞክሩ፤ በ«ሰ» የጠፋው በ«ሠ»፣ በ«አ» የጠፋው በ«ዐ» ሊገኝ ይችላል።

አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ቃል ብዙውን ጊዜ በአእምሮ ውስጥ አይቀርም። የተለያዩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ በንባብ ከሚያጋጥሙ 100 አዳዲስ ቃላት የሚያዙት 15 ገደማ ናቸው። ስለዚህ በደብተራችሁ ላይ ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ከነዓረፍተ ነገሩ ጻፉት፣ ከጎኑም ግምታችሁንና ቀኑን። ለሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሁለት መስመር ባዶ ተዉ፤ ቃሉ ሌላ ቦታ ሲገኝ እዚያው ይሞላል። የተሳሳተ ግምት ሲገኝ በአንድ ሰረዝ ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ፤ የትኛው ፍንጭ እንዳሳሳታችሁ የምታዩት ከእሱ ነው።